ተክሎች ጨውን እንዴት ይችሉታል? ስለ ጨውና ስለ ተክል ሕዋስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጨው የወጣበት መሬት የሚያርስ ገበሬ፣ የባዮሎጂ ተማሪ፣ በረንዳው ላይ አበባ የሚያሳድግ ሰው፣ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ የሚጠይቀው ነገር አለ። አንዱ ተክል በጨው ሲቃጠል ሌላው ለምን ምንም አይሆንም? ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚሁ የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨው ተክልን የሚጎዳው በምንድን ነው?

በሁለት መንገድ ነው። ሁለቱ ግን እኩል አይመጡም።

ቀድሞ የሚመጣው ጥም ነው። አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃውን ስቦ ለማውጣት ይቸገራል። ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሶ ትንሽ ያቆየ ሰው ቅጠሉ ውሃውን እየለቀቀ ሲጠወልግ አይቷል። ሥሩ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ማሳው ውሃ ጠጥቷል፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ይጠማል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ቅጠሎቹ ቀዳዳቸውን ይዘጋሉ፣ አዲስ ቅጠል ማውጣት ይዘገያል።

ሁለተኛው መርዙ ነው። እሱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ቅጠል ውሃውን በትነት ሲያወጣ ጨውን እዚያው ትቶት ነው። ስለዚህ የገበታ ጨው አንዱ ክፍል የሆነው ሶዲየም በየቀኑ ይጠራቀማል። ቀድመው የሚነዱት አሮጌዎቹ ቅጠሎች ናቸው፤ ከጫፋቸው ይጀምርና ወደ ውስጥ ይገባል።

ሶዲየም መርዝ የሚሆነው ከፖታሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ተክል ፕሮቲን ለመሥራትም ሆነ ብዙ ኢንዛይሞቹን ለማንቀሳቀስ ፖታሲየም ያስፈልገዋል። ሶዲየም በመመሳሰሉ የፖታሲየምን ቦታ ይሻማል፤ ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን ሥራውን አይሠራም። ቅጠሉ በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅበት ሥራ ሲስተጓጎል ደግሞ ሕዋሱን የሚያበላሹ የኦክስጅን ውጤቶች ይበዛሉ። ጉዳቱ በጉዳት ላይ ይደራረባል።

«ጨው» ሲባል የገበታ ጨው ብቻ ነው?

አይደለም። የሶዲየም ካርቦኔትና ቢካርቦኔት፣ የማግኒዥየም ሰልፌት፣ የካልሲየም ክሎራይድም ጨው ናቸው። ሌላው የገበታ ጨው ክፍል፣ ክሎራይድ፣ ራሱ እንደ ወይንና ብርቱካን ያሉትን ተክሎች ከሶዲየም ባልተናነሰ ይጎዳል። የካርቦኔት ጨው ያለበት አፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ስለሚል ብረትና ዚንክ ለሥሩ የማይደረስባቸው ይሆናሉ። እዚህ ግን ትኩረታችን ሶዲየም ላይ ነው። በብዛት የተጠናውም እሱ ነው።

ጨው የሚችሉ ተክሎች ከሌላው የጠነከረ ሕዋስ ስላላቸው ነው?

ብዙ ሰው የሚገምተው እንዲህ ነው። ሳይንቲስቶችም ይህንኑ ገምተው ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ።

በ1972 አካባቢ ተመራማሪዎች ጨው ከሚወዱ ተክሎች፣ ለምሳሌ ከአትሪፕሌክስ፣ ኢንዛይም አውጥተው በብልቃጥ ውስጥ ጨው ጨመሩበት። ጨው ከማይችለው ባቄላ ዘመድ የወጣውንም እንዲሁ አደረጉ። የሁለቱም ኢንዛይሞች በተመሳሳይ የጨው መጠን ሥራቸው ተዳከመ። የጨዋማው መሬት ተክል የውስጥ መሣሪያው ከሌላው የተለየ ጥንካሬ የለውም ማለት ነው።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ እንዲታወስ ብጠየቅ ይህንን እመርጣለሁ። ጨው የሚችል ሕዋስ ሶዲየም የማይጎዳው ሕዋስ አይደለም። ሶዲየሙ ከሚጎዳበት ቦታ ውጭ እንዲቀመጥ ማድረግ የሚችል ሕዋስ ነው። ቀሪው ታሪክ ሁሉ የቦታ ጉዳይ ነው። የት ይግባ፣ የት ይከማች፣ በየት ይውጣ።

ታዲያ ሕዋሱ ሶዲየሙን የት ያደርሰዋል?

ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ መልሶ ወደ ውጭ መጣል፣ ወይ ውስጡ ባለው ከረጢት መቆለፍ።

ከመጣሉ እንጀምር። የሕዋሱ ሽፋን ላይ ኤቲፒ በሚባለው የሕዋስ ነዳጅ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች አሉ። የሚገፉት ሶዲየምን ሳይሆን ሃይድሮጅንን ነው፣ ፕሮቶን የሚባለውን። ፕሮቶኖቹ ውጭ ሲከማቹ፣ ግድብ ውስጥ እንደታቆረ ውሃ፣ ለመመለስ የሚገፋፋ ኃይል ይፈጠራል። ሽፋኑ ላይ ያለ ሌላ ፕሮቲን አንድ ፕሮቶን እንዲመለስ በር ይከፍትለትና በምትኩ አንድ ሶዲየም ያስወጣል። ይህ ፕሮቲን ኤስኦኤስ 1 ይባላል።

ከረጢቱ ደግሞ ቫኪዩል ነው። ባደገ የተክል ሕዋስ ውስጥ ከጠቅላላው ቦታ እስከ 90 በመቶ ሊይዝ ይችላል። የሕዋሱ ሥራ የሚሠራው ግን ከዚያ ውጭ ባለችው ቀጭን ክፍል፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ስለዚህ ሶዲየም ቫኪዩል ውስጥ ቢገባ ማንንም አይነካም። እዚያ የሚያስገባው ፕሮቲን ኤንኤችኤክስ ይባላል፤ እሱም የሚሠራው በዚያው በፕሮቶን ልውውጥ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ቫኪዩሉ ውስጥ ጨው ሲበዛ ከሳይቶፕላዝም ውሃ መሳብ ይጀምራል። ያኔ ሕዋሱ ከውጭ ካለው ጨው ተርፎ በራሱ ከረጢት ሊደርቅ ነው። ይህን ለማመጣጠን ሳይቶፕላዝም ውስጥ ሥራ የማያውኩ ንጥረ ነገሮችን ያከማቻል፤ ፕሮሊን፣ ግላይሲን ቢታይን፣ የተለያዩ ስኳሮች። ውሃውን ይይዛሉ፣ ኢንዛይሞቹን አይነኩም።

ሂሳቡ ግን ውድ ነው። አንድ ሞለኪውል ፕሮሊን ወይም ስኳር መሥራት አንድ ሶዲየም ቫኪዩል ውስጥ ከማስገባት አሥር እጥፍ ገደማ የሚሆን ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ ሶዲየም ጠላት ብቻ አይደለም። ትልቁን ከረጢት በርካሽ ለመሙላት ይጠቅማል፤ ውዱ ፕሮሊን ለትንሿ ሳይቶፕላዝም ብቻ ይቀራል። አንዳንድ የባሕር ዳር ተክሎች ጨው ከሌለበት ይልቅ መጠነኛ ጨው ባለበት የበለጠ የሚፋፉት በዚህም ምክንያት ነው።

ሕዋስ ጨው መምጣቱን በምን ያውቃል?

በካልሲየም ነው። ጨው ሥሩን በነካ በሰከንዶች ውስጥ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ይላል። በ2014 የወጣ ጥናት አራቢዶፕሲስ በምትባለው የቤተ ሙከራ አረም ሥር ላይ ይህንን በዓይን በሚታይ መልኩ አሳየ። የካልሲየሙ ማዕበል በሰከንድ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዘ፣ ጨው ካልነካቸው ሕዋሳት አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ነርቭ ለሌለው ፍጡር ቀላል ፍጥነት አይደለም።

ከካልሲየሙ በኋላ ያለው ሰንሰለት በደንብ የሚታወቀው በተክል ተመራማሪው በጂያን-ካንግ ዙ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቡድኑ ትንሽ ጨው እንኳ የሚያቃጥላቸውን የአራቢዶፕሲስ ችግኞች እየለየ ምን እንደጎደላቸው ፈለገ። ሦስት ነገር አገኘ። ኤስኦኤስ 3 ካልሲየሙን ይይዛል። ከዚያ ኤስኦኤስ 2ን ይቀሰቅሳል። ኤስኦኤስ 2 ደግሞ ቅድም ያነሳነውን የማስወጫ በር፣ ኤስኦኤስ 1ን ያንቀሳቅሳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተክሉ በጨው ይወድቃል።

ካልሲየሙን መጀመሪያ የሚያስነሳው ማነው የሚለው ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረውም። በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሽፋኑ ላይ ወዳሉ ልዩ ቅባቶች ጠቆመ። ሶዲየም ሲጣበቅባቸው የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ፕሮቲን ሲፈለግ ቅባት መገኘቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

አንድ ሕዋስ ጨውን «ሊለምድ» ይችላል?

ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሆነው ትምባሆ ነው። የሚጨሰው ሳይሆን በብልቃጥ ያደገው።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች የትምባሆ ሕዋሳትን ብቻቸውን፣ ያለ ሥርና ቅጠል፣ በምግብ ፈሳሽ ውስጥ ያሳድጉ ነበር። ለሙዝና ለሸንኮራ ችግኝ የምንሰማው ቲሹ ካልቸር የዚሁ ዘመድ ነው። ፈሳሹ ላይ ጨው ይጨመራል። አብዛኛው ሕዋስ ይሞታል ወይም ማደጉን ያቆማል። የተረፈው ወደ አዲስ ብልቃጥ ይዛወርና ጨው ይጨመርበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሃሰጋዋና የብሬሳን ቡድን በሊትር 25 ግራም ጨው ባለበት የሚያድጉ ሕዋሳት አገኘ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው እንዳለው ካሰብን ቀላል አይደለም።

እነዚህ ሕዋሳት ምን ለወጡ? ብዙ ነገር። መጀመሪያ አነሱ፤ መጠናቸው ካልለመዱት ሕዋሳት በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ፕሮሊን አከማቹ። በ1988 የወጣ ልኬት ደግሞ የሶዲየሙን አቀማመጥ በቁጥር አሳየ። ውጭ ያለው ፈሳሽ 428 ሚሊሞላር ጨው ነበረው፤ ሚሊሞላር የክምችት መለኪያ ነው፣ ይህም ያ በሊትር 25 ግራም የተባለው ነው። ቫኪዩሉ ውስጥ የተገኘው ሶዲየም 780 ሚሊሞላር ገደማ ደረሰ። ሳይቶፕላዝም ውስጥ ግን ከ100 በታች ነበር። አንዷ ሕዋስ ውስጥ፣ በአንዲት ስስ ሽፋን ተለያይተው፣ የስምንት እጥፍ ልዩነት! ስለ ቦታ ያልኩት ለዚህ ነው።

አንድ ያልታሰበም ነገር ተገኘ። በጨው የለመዱት ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ፤ ከጠቅላላ ፕሮቲናቸው እስከ 12 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስሙን ኦስሞቲን አሉት። ገርሞ የሚገርመው ይህ ፕሮቲን ሻጋታን የሚዋጋ መሆኑ ነው። በቅርጹ ደግሞ ታውማቲን ከሚባለው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ፍሬ ከሚገኘውና ከስኳር በሺዎች እጥፍ ከሚጣፍጠው ፕሮቲን ጋር ዘመድ ነው። ኦስሞቲን ግን አይጣፍጥም። ጨው የለመደ ሕዋስ ለምን የሻጋታ መሣሪያ እንደሚታጠቅ ሲታይ፣ ተክል ችግሮቹን እንደ እኛ በየምዕራፉ ለያይቶ እንደማያያቸው ያስታውሳል።

መልመድ ሲባል ሕዋሱ ተለወጠ ማለት ነው ወይስ የማይችለው ሞቶ የሚችለው ተረፈ?

ሁለቱም አለበት። መለየቱም አስቸጋሪ ነው። አንዳንዱ ሕዋስ ጨው ከሌለበት ፈሳሽ ከተመለሰ ጥቂት ትውልድ በኋላ ችሎታውን ያጣል፤ ይህ ጊዜያዊ ማስተካከያ ነው። በከፍተኛ ጨው ከቆዩት ውስጥ ግን ጨው ባይኖርም ችሎታቸውን ይዘው የሚቀጥሉ አሉ። በእነዚህ ላይ የዘረመል ለውጥ፣ ወይም ዘረመሉ ሳይለወጥ አሠራሩን የሚቆልፍና የሚከፍት ምልክት ለውጥ አለ።

በማሳ ላይ ባለ ተክልም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ቀስ በቀስ ጨው የደረሰበት ችግኝ በአንድ ጊዜ ከተደፋበት ይልቅ ይቋቋማል። የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች እስኪሠሩ ጊዜ ያገኛልና።

በብልቃጥ ጨው የለመደ ሕዋስ ወደ ሙሉ ተክል ቢያድግ ጨው የሚችል ሰብል አይገኝም?

ታስቦ ነበር፤ በጣም ተስፋም ተጥሎበት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በትምባሆ፣ በአልፋልፋ፣ በሩዝና በሌሎችም ተሞክሯል። የተወሰኑት ተክሎች እውነትም የተሻለ ችለዋል። ብዙዎቹ ግን ዘር የማይሰጡ፣ የክሮሞዞም ቁጥራቸው የተዛባ ወይም ደካሞች ሆነው ወጡ። ከዚህ መንገድ ወደ ገበሬው ማሳ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው ባይ ነኝ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሕዋስ የራሱን ሕይወት ብቻ ነው የሚያተርፈው። ተክል ግን ሥር አለው፣ ግንድ አለው፣ በየቀኑ ውሃ የሚያተን ቅጠል አለው። ሥሩ ያስገባው ሶዲየም ቅጠል ላይ ይደርሳል። ሕዋስ በተናጠል ጎበዝ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ክፍፍሉ በመላው ተክል መሠራት አለበት።

በመላው ተክል ሲሆን እንዴት ነው የሚሠራው?

የመጀመሪያው መከላከያ ሥሩ ነው። በአፈሩ ውሃ ውስጥ ካለው ሶዲየም አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ሥሩ ውስጥ ውሃ በሕዋሳት መካከል ሾልኮ እንዳያልፍ የሚያግድ እንደ ሰም ያለ ቀለበት አለ። እሱን ለማለፍ ሶዲየሙ በሕዋስ ውስጥ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ እዚያ ደግሞ ይመረመራል።

አምልጦ ወደ ላይ ከሚወጣው የውሃ መስመር የገባውን ደግሞ የሚለቅም ፕሮቲን አለ፤ ኤችኬቲ ይባላል። ሶዲየሙን ከመስመሩ አውጥቶ ሥር ውስጥ ያስቀረዋል፣ ቅጠል እንዳይደርስ። በ2005 የቻይና ተመራማሪዎች ጨው በሚችል ሩዝ ውስጥ ዋናው ምስጢር ይኸው መሆኑን አሳዩ።

የስንዴው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። በአገራችን ጥንታዊ የሆነው የዱረም ስንዴ በጨው ላይ ከዳቦ ስንዴ ይበልጥ ይጎዳል። የዳቦ ስንዴ ከሌላ የዱር ሣር የወረሰው አንድ ተጨማሪ የክሮሞዞም ስብስብ አለው። ሶዲየምን የሚያስቀረው ዘረመል የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው፤ ዱረም ያ ስብስብ የለውም። በአውስትራሊያ የራና መንስ ቡድን ተመሳሳይ ዘረመል ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ዱረም አስገባ። በ2012 ባወጡት ውጤት ዘረመሉ ያለው ዱረም ጨዋማ ማሳ ላይ ከሌለው 25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ። ቤተ ሙከራ ሳይሆን ማሳ ላይ መሆኑ ነው ዋናው።

በዘረመል ምህንድስናስ?

በ1999 ቫኪዩል ውስጥ ሶዲየም የሚያስገባው ፕሮቲን እንዲበዛ የተደረገ አራቢዶፕሲስ 200 ሚሊሞላር ጨው ባለበት አደገ። በ2001 ተመራማሪው ኤድዋርዶ ብሉምዋልድና ባልደረባው በቲማቲም ይህንኑ ደገሙት። ጨው ቅጠሉ ላይ ተከማቸ፣ ፍሬው ግን ብዙም ጨው አልያዘም። ዜናው ያኔ ዓለምን ዞረ፤ በረሃው ሁሉ በባሕር ውሃ ሊለማ ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ገበያ ላይ ያንን ቲማቲም አናገኘውም። ጨው መቻል የአንድ ዘረመል ሥራ አይደለም። መስታወት ቤት ውስጥ ጨው እኩል ተለክቶ ይሰጣል። ማሳ ላይ ግን ጨው ከእርምጃ እርምጃ ይለያያል፣ ሙቀት አለ፣ ውሃ መተኛት አለ። በአንድ ዘረመል የሚመጣ ተዓምር የሚል ዜና ሲመጣ መጀመሪያ «የት ተሞከረ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

በባሕር ውሃ ውስጥ የሚቆሙት ዛፎችስ?

ከተክል ዝርያዎች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው እንዲህ ያለ ጨው የሚችሉት። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚበቅለው ማንግሮቭ አንዱ ነው። ሥሩ አብዛኛውን ጨው ያስቀራል፤ የገባውን ደግሞ ቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች ያወጣዋል። ቅጠሉን በጣት ነክቶ ጨውን መቅመስ ይቻላል።

ኪኖዋ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ እህል ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንደ ብርጭቆ ጠብታ የሚያብረቀርቁ ፊኛዎች አሉት። ለዓመታት ጨው መጣያዎች ናቸው ሲባል ቆየ። በ2022 የወጣ ጥናት ፊኛ የሌለው ኪኖዋም ጨውን እንደሚችል አሳየ፤ ፊኛዎቹ ይበልጥ የሚጠቅሙት ነፍሳትን ለመከላከል ነው። በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ነገር እንዲህም ይገለበጣል። ኪኖዋንና ሳሊኮርኒያ የሚባለውን የባሕር ዳር ተክል ለምግብና ለመኖ ከሚሞክሩት ተቋማት አንዱ በ1999 ዱባይ የተቋቋመው የጨዋማ ግብርና ዓለም አቀፍ ማዕከል ነው።

የትኛው ሰብል ምን ያህል ይችላል?

የአፈር ጨው የሚለካው በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ ባለሙያዎች «ኢሲ» ይሉታል። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ነው። ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል።

በ1977 የታተመውና እስካሁን የሚሠራበት ሠንጠረዥ እንደሚለው ገብስ እስከ 8፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ስንዴ እስከ 6 ድረስ ምርቱ አይቀንስም። ቲማቲም 2.5፣ በቆሎ 1.7፣ ሽንኩርት 1.2 ላይ መቀነስ ይጀምራሉ። ቦሎቄ 1 ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ አሃድ 19 በመቶ ምርት ያጣል። ኢሲው 5.7 በሆነ መሬት ላይ በቆሎ ግማሽ ያህል ምርቱን ሲያጣ ገብስ ምንም አይልም።

ቁጥሮቹ ግን ላደገ ተክል ናቸው። ብዙ ሰብል ሲበቅልና ገና ችግኝ እያለ ከዚህ ይበልጥ ስስ ነው። ገበሬው «ዘሩ አልወጣም» የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

በአዋሽ ሸለቆ መሬቱ ጨው የሆነው ለምንድን ነው? ወንዙ ጨው አይደለም!

ወንዙ ጨው አይደለም፤ እውነት ነው። ግን ጨው የሌለበት የወንዝ ውሃ የለም። እስቲ በጣም ንጹሕ የሚመስል፣ በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ብቻ ያለበት ውሃ እንውሰድ። አንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ 5 ቶን ጨው ገባ ማለት ነው። ውሃውን ፀሐይና ተክሉ ይወስዱታል። ጨውን ማንም አይወስደውም።

በአሚባራና በመልካ ሳዲ አካባቢ የሆነው ከዚህም የባሰ ነው። መስኖ ሲበዛና ማፋሰሻ ሲያንስ የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ ወደ ላይ ከፍ አለ። ከሥር ተነሥቶ በአፈሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች እየተሳበ ላይ ይተናል፣ የያዘውንም ጨው ላይ ይተዋል። ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ጥጥ የሚበቅልበት የነበረ መሬት እንዲህ ተተወ። የበሰቃ ሐይቅም ሌላ ምሳሌ ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ጨዋማ ሐይቅ ከ40 በላይ ደርሶ የመተሐራን የሸንኮራ ማሳ ተጠግቷል።

የተተወውን መሬት ማን ወረሰው? ፕሮሶፒስ። ይህ እሾሃማ ዛፍ ጨውንም ድርቅንም ይችላል፤ አፋር ውስጥ ግጦሹን ወርሶ አርብቶ አደሩን አማሯል። ጨው መቻል በራሱ መልካም ባሕርይ እንዳልሆነ እዚያ ሄዶ ማየት ነው። ከዚህ ይልቅ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል የሞከራቸው እንደ ሮደስ ሣር ያሉ ጨው የሚችሉ የመኖ ሣሮች ለእኔ የበለጠ ተስፋ አላቸው። መሬቱን ይሸፍናሉ፣ ትነቱን ይቀንሳሉ፣ ከብትም ይበላቸዋል።

ጂፕሰም ለምን ይጨመራል?

ጂፕሰም ካልሲየም ስላለው ነው። ሁለት ጥቅም አለው። ሶዲየም የበዛበት አፈር ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ ውሃ አያሳልፍም። ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ቅንጣት ላይ ያባርርና በውሃ እንዲታጠብ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ሕዋሱ ላይ ነው። በ1969 ኢማኑኤል ኤፕስታይንና ባልደረባው በ50 ሚሊሞላር ጨው ክፉኛ የሚጎዳ ቦሎቄ በቂ ካልሲየም ሲያገኝ እንደሚድን አሳይተዋል። ካልሲየም ሽፋኑን ያጸናል፣ ሶዲየም የሚገባባቸውን በሮችም ያጠብባል። ርካሽ ነገር ነው፤ ግን ያለ ማጠቢያ ውሃና ያለ ማፋሰሻ ብላሽ ነው። አፈሩ ሶዲየም ያልበዛበት ተራ ጨዋማ ከሆነ ደግሞ ጂፕሰም ላያስፈልግ ይችላል። መጀመሪያ ማስመርመር ይሻላል።

ጨው የሚችል ዘር ካለ ማፋሰሻ ለምን ይቆፈራል?

ዘሩ ጨውን አያጠፋማ! ገብሱ 8 ድረስ ቻለ እንበል። መስኖው በየዓመቱ ጨው እያመጣ፣ መውጫ ከሌለው ኢሲው 8 ላይ አይቆምም። 12 ይሆናል፣ 15 ይሆናል። የሚችለው ዘር ጊዜ ይገዛል። ተክሉ የሚወስደው ጨውም ከሚገባው አንጻር ጥቂት ነው።

ሌላም አለ። ጨውን መቋቋም ጉልበት ይፈጃል። ፓምፑ ኤቲፒ ይበላል፣ ፕሮሊን ናይትሮጅን ይፈልጋል። ያ ሁሉ ከእህሉ የሚቀነስ ነው። ጨዋማ ማሳ ላይ የቆመ ሰብል ጤነኛ ቢመስልም ምርቱ የሚያንሰው ለዚህ ነው። እኔ ቢጠይቁኝ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማፋሰሻው ይቅደም።

የአበባ ማሰሮዬ አፍ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ይህም ጨው ነው?

አዎ። ከማዳበሪያውና ከቧንቧ ውሃው የቀረ ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ከሆነ አበባዎ መቸገር ጀምሯል። ነጩን ከላዩ ላይ ይፋቁት። ከዚያ ማሰሮው ከታች ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጠው ብዙ ውሃ ቀስ እያሉ ያፍስሱበት፣ ከታች በደንብ እስኪወጣ። ለጥቂት ሳምንት ማዳበሪያ አይስጡት። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም ውሃ ወዲያው ይድፉት፤ ከቆየ አፈሩ ከነጨው መልሶ ይጠጣዋል።